ቁርስ የሚሠራው ማታ ነው

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል፥ በወላጆች ፊት፥ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዛሬው የደስታ ቀን ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክና ስለ ወደፊቱ ተስፋ ብዙ መልካም ቃል ተነግሯል። እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ግን እንድንናገርበት የመረጥነው ርእስ እጅግ ትንሽ የሚመስል ነው፤ ይኸውም የጠዋት ቁርስ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ለቁርስ ደግሞ ንግግር ያስፈልገዋልን?» ብላችሁ ፈገግ ትሉ ይሆናል። እኛም አስቀድሞ ቢነገረን ኖሮ እንደዚሁ ፈገግ ባልን ነበር። ስለዚህ አሳባችንን የለወጠውን ነገር በመጀመሪያ እንንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ ሰኞ ጠዋት፥ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል፥ ከሰልፉ መካከል አንዲት የክፍላችን ልጅ ወደቀች። ደግፈን ወደ ጥላ ወሰድናት፤ ውኃም ሰጠናት። እኛ ብርቱ በሽታ የያዛት መስሎን ደንግጠን ነበር። ትንሽ ነፍስ ስትዘራ ግን ነገሩን ነገረችን። በዚያ ዕለት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ፥ ከሰል አቀጣጥላ፥ ለታናናሾቿ ቁርስ ሠርታ፥ ፊታቸውን አጥባና አልብሳ ከሸኘቻቸው በኋላ፥ እርሷ ሰዓቱ ስለ ረፈደባት ሳትቀምስ ሮጣ መጥታለች። ለሌላው ቁርስ የሠራች እጅ ለራሷ አፍ አልደረሰችም። ይህን በሰማን ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ያፈርነው እኛ ወንዶቹ ነበርን፤ ብዙዎቻችን በዚያው ጠዋት እናቶቻችን ወይም እኅቶቻችን የሠሩትን በልተን፥ የበላንበትን ሳህን እንኳ ሳናነሣ ነበርና የመጣነው። ይህች እኅታችን ታሪኳን እንድንናገር ፈቅዳልናለች፤ ስሟን ግን አንጠራም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዙሪያችን መመልከት ጀመርን። ከመካከላችን አንዳንዶቹ የወልቂጤ ልጆች ናቸው፤ ሌሎቻችን ደግሞ ዘመዶቻችን በቡታጅራ ስለሆኑ በዕረፍት ጊዜ ወደዚያ እንመላለሳለን። በሁለቱም ከተሞች ያየነው አንድ ዓይነት ነው። ሳይበሉ ወደ ትምህርት የሚሄዱት ተማሪዎች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ እንደ ጓደኛችን ለቤተ ሰቡ ሠርተው ራሳቸውን የሚረሱ ልጃገረዶች ናቸው። ሁለተኛዎቹ ከገጠር ቀበሌ መጥተው በከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩ፥ ስንቃቸውን ቅዳሜና እሑድ ከቤት ተሸክመው የሚያመጡ ናቸው፤ ስንቁ ሐሙስ ሲደርስ ያልቃል፤ ወይም ቢኖርም ጠዋት እሳት የሚያነድላቸው ሰው የለም። ሦስተኛዎቹ ምግብ በቤታቸው ሞልቶ ሳለ አርፍደው ተነሥተው በመንገድ ላይ ብስኩት ወይም ፓስቲ ገዝተው የሚያልፉ ናቸው። የእነዚህ የሦስቱ ወገኖች ችግር የተለያየ ቢመስልም መድኃኒቱ ግን አንድ ሆኖ አግኝተነዋል።

አስቀድመን ራብ በተማሪ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት እንመልከት። ራቱን ከምሽቱ 2 ሰዓት የበላ ተማሪ ቁርስ ሳይበላ እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ዕረፍት ቢቆይ፥ 14 ሰዓት ሙሉ ያለ ምግብ ቆየ ማለት ነው። የሰው አንጎል ከሰውነቱ ክብደት እጅግ ትንሹ ክፍል ሲሆን፥ ሰውነት ዐርፎ ሳለ ከሚያወጣው ኀይል አምስት አንድ ያህሉን ለብቻው ይወስዳል። እንግዲህ በመጀመሪያው የሒሳብ ክፍለ ጊዜ የተማሪው ዐይን ሰሌዳው ላይ፥ ልቡ ግን ሆዱ ላይ ቢሆን የሚያስደንቅ አይደለም። መምህሩ ስንፍና ነው ብሎ የሚገሥጸው እንቅልፍ አንዳንድ ጊዜ ራብ ነው። ይህን በማስተዋል ነው በአዲስ አበባ ከተማ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለትንንሾቹ ተማሪዎች የቁርስና የምሳ ምገባ የተጀመረው። የእኛ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቁርስ ግን በቤታችን ላይ የወደቀ ነው።

ታዲያ ቤታችን ምን ጎደለው? ብዙ እናቶችን ጠይቀናል፤ አብዛኞቹ የመለሱልን «ጊዜ የለም» ብለው ነው። እውነታቸውን ነው። ጠዋት ከሰል ሲያቀጣጥሉ፥ ውኃ ሲያፈሉ፥ ሽንኩርት ሲከትፉ፥ ዕቃ ሲያጥቡ ሰዓቱ ይሄዳል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፥ የጠዋት ችኮላ ሥራውን ያበዛዋል እንጂ አያሳንሰውም። ነገር ግን ሥራውን አንድ በአንድ ቆጥረን ስንመለከት፥ ከዚህ ሁሉ የግድ ጠዋት መሠራት ያለበት ጥቂት ነው። መዘፍዘፉ፥ መልቀሙ፥ መቀቀሉ፥ መክተፉ ሁሉ ለራት በነደደው እሳትና በራት ሰዓት ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ለእናንተ ልንነግራችሁ የመጣነው አንድ ነገር ይህ ነው፤ ቁርስ የሚበላው ጠዋት ነው፤ የሚሠራው ግን ማታ ነው። አባቶች «ቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ» ያሉት ለዚህ ጭምር ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ምን እንብላ የሚለው ጥያቄ ይመጣል። በሳይንስ ትምህርታችን ምግብ በሦስት ወገን እንደሚከፈል ተምረናል፤ ኀይል ሰጪ፥ ሰውነት ገንቢና በሽታ ተከላካይ ናቸው። ጥሩ ቁርስ ማለት ከሦስቱም ትንሽ ትንሽ ያለበት ማለት ነው። ለዚህም ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የአገራችን የጉራጌ ምግብ የሆነውን ቆጮን እንውሰድ። እንሰት ለዓመታት በጓሮ አድጎ፥ ተፍቆ፥ በጉድጓድ ተቀብሮ የሚቆይ የቤት ጎተራ ነው፤ ዝናብ ሲጠፋ እንኳ ችሎ ስለሚቆይ ብዙ ሕዝብ ከራብ አትርፏል። ቆጮ ኀይል በመስጠት ብርቱ ነው፤ ሰውነት የሚገነባው ፕሮቲን ግን በውስጡ በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ቆጮን ብቻውን በሻይ እያማጉ መሄድ ሆድን ይሞላል እንጂ ቁርስን ሙሉ አያደርግም። እናቶቻችን ግን ይህን ሳይማሩ ያውቁት ነበር፤ ቆጮን ከአይብና ከጎመን ጋር ያቀርባሉና። አይቡ ገንቢው፥ ጎመኑ ተከላካዩ፥ ቆጮው ኀይል ሰጪው ነው። መምህር በሰሌዳ ላይ የሚጽፈው ሦስቱ ወገን በአንድ ሰፌድ ላይ ቀርቧል።

እዚህ ላይ አንድ ጥፋታችንን እንናዘዝ። ከእኛ ብዙዎቻችን ቆጮ ይዘን ወደ ትምህርት ቤት መምጣት እናፍር ነበር። በወረቀት የተጠቀለለ ብስኩት የሥልጣኔ ምልክት መስሎን፥ በኮባ የተጠቀለለውን የእናታችንን ቆጮ በቦርሳችን ግርጌ እንደብቀው ነበር። ይሁን እንጂ ያው ቆጮ በአዲስ አበባ ክትፎ ቤቶች በክብር ይቀርባል፤ ትልልቅ ሰዎችም ገንዘብ ከፍለው ይበሉታል። በዋና ከተማ የተከበረውን ምግብ በተወለደበት አገር ማፈር ምን ይባላል? ከዚህም በላይ በየቀኑ ለብስኩት የሚወጣውን ገንዘብ በሳምንት ደምሩትና በእርሱ ስንት እንቁላል እንደሚገዛ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት።

አሁን ራሳችን በየቤታችን የሞከርነውን የሳምንት ዕቅድ እንግለጥ። ዕቅዱን እሑድ ማታ በወረቀት ጽፈን በማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን፤ በዚህም ጠዋት «ምን ይሠራ?» እያልን የምናጠፋው ጊዜ ይቀራል።

ለሰኞ ቂንጬ ነው። የስንዴ ወይም የገብስ ቂንጬ ማታ ታጥቦ በንጹሕ ውኃ ከተዘፈዘፈ፥ ጠዋት በጥቂት ደቂቃ ይበስላል። ጥቂት ቅቤ ወይም ዘይት ይጨመርበታል፤ ከጎኑ ማታ የተቀቀለ እንቁላል ቢኖር ቁርሱ ሙሉ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል። እንቁላሉ ከነቅርፊቱ ይደር፤ የሚላጠው ጠዋት ነው።

ለማክሰኞ ቆጮ ከጎመንና ከአይብ ጋር ነው። ጎመኑ ሰኞ ለራት ሲሠራ ለጠዋት የሚሆነው ይተረፋል፤ የተጋገረ ቆጮም ስለማይቸኩል ጠዋት ምጣድ ላይ ሞቅ ማድረግ ብቻ ይበቃል። አይብ ቶሎ ይበላሻልና በትንሽ በትንሹ ይገዛ።

ረቡዕ ለብዙዎቻችን የጾም ቀን ስለሆነ፥ የስንዴና የሽንብራ ንፍሮ መርጠናል። እህሉ ማክሰኞ ጠዋት ከቤት ስንወጣ ይዘፈዘፋል፤ ማታ በራት እሳት ይቀቀላል። እህልና ጥራጥሬ ሲደባለቁ የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሞላል። ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም። በ1962 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተባብረው የሕፃናትን አመጋገብ የሚያጠና መሥሪያ ቤት በአዲስ አበባ አቋቁመው ነበር፤ ከዚያ የወጣው ስመ ጥሩው የፋፋ ዱቄት የተሠራው እህልን ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋር በመቀላቀል ነው። አያቶቻችን በንፍሮ ያደረጉትን እነርሱ በፋብሪካ አደረጉት ማለት ነው። በንፍሮው ላይ ቲማቲምና ቃርያ ቢከተፍበት ደግሞ ተከላካዩ ክፍል ተጨመረ።

ለሐሙስ ዳቦ በአቮካዶ ወይም በእንቁላል ነው፤ አቮካዶው በገበያ ጊዜ ተመርጦ እንዲበስል በቤት ይቀመጣል። ዓርብ ሳምንቱ አልቆ ሁላችንም የምንደክምበት ቀን ስለሆነ፥ እሳት የማይፈልገውን በሶ መድበናል። የተቆላ የገብስ ዱቄት ስለሆነ በንጹሕ ውኃ፥ በጥቂት ጨው ወይም በስኳር ተበጥብጦ ይጠጣል፤ ከእርሱ ጋር አንድ ሙዝና አንድ እፍኝ የሽንብራ ወይም የለውዝ ቆሎ ይበላል። መብራት የጠፋበትና ከሰል ያለቀበት ቀን ሁሉ እንደ ዓርብ ይቆጠራል። የቡላ ገንፎና የእንቁላል ፍርፍር ጊዜ ለሚገኝበት ለቅዳሜና ለእሑድ ይቆዩ።

ይህን ስንሞክር ያጋጠመንን ስሕተትም ልንደብቃችሁ አንወድም። በመጀመሪያው ሳምንት በአንዱ ጓደኛችን ቤት ንፍሮው ከነውኃው ድስት ውስጥ ተከድኖ ስላደረ፥ ረቡዕ ጠዋት ኮምጥጦ ተገኘ፤ ያን ቀን ቤተ ሰቡ ሁሉ ባዶ ሆዱን ወጣ፤ ጓደኛችንም ከአባቱ ጥሩ ተግሣጽ ተቀበለ። ከዚያ የተማርነው ይህ ነው፤ ንፍሮ ውኃው ተጠልሎ፥ ቶሎ እንዲበርድ በሰፊ ዕቃ ተዘርግቶ፥ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ በቀዝቃዛ ቦታ ይደር፤ ጠዋትም እንደገና በደንብ ይሙቅ። መሽተቱን ወይም መዝለግለጉን ያየነውን ምግብ ደግሞ «ያሳዝናል» ብለን መብላት አይገባም። እጅን በሳሙና መታጠብ ማታ ለሚያዘጋጀውም ጠዋት ለሚበላውም የግድ ነው።

ስለ ሻይም አንድ ቃል እንጨምር። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር አብረው ሲጠጡ፥ በእህልና በጎመን ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዳይወስደው ያግዳሉ። ብረት ያነሰው ሰው ደሙ ያንሳል፤ ቶሎም ይደክማል፤ ይህም በተለይ ልጃገረዶችን ይጎዳል። ስለዚህ ሻዩ ከቁርሱ አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገይ መልካም ነው። ሎሚ፥ ብርቱካን፥ ቲማቲምና ቃርያ ግን ብረቱን ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳሉ።

በክራይ ቤት የምትኖሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ እናንተን አልረሳንም። ለእናንተ የሚሆነው ስንቅ ቶሎ የማይበላሽ፥ ብዙ እሳትም የማይጠይቅ ነው። በሶ፥ ቆሎ፥ የተጋገረ ቆጮና ደረቅ ዳቦ ከቤት ይመጣሉ፤ እንቁላልና ሙዝ በከተማ ይገዛሉ። አብረው የሚኖሩ ሦስት ወይም አራት ተማሪዎች ስንቃቸውን አንድ ላይ ቢያደርጉና በየማታው ተራ ቢገቡ፥ አንዱ ብቻውን ሐሙስ ላይ የሚያልቅበት ስንቅ ለሁሉም እስከ ዓርብ ይዘልቃል። ሌሊት ሲጠና የቆየ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ደግሞ እንንገራችሁ፤ ማታ የፈላ ውኃ በፔርሙዝ ከተቀመጠ ጠዋት ከሰል ማቀጣጠል ይቀራል።

ስለ ጾም አንዳንዶች ጠይቀውናል። በመካከላችን ኦርቶዶክስ፥ ካቶሊክ፥ ፕሮቴስታንትና እስላም ወንድሞችና እኅቶች አሉን፤ ሁላችንም እንደ እምነታችን እንጾማለን። ማንም ጾሙን ይፍታ አላልንም። ነገር ግን ቁርሱን ትቶ እስከ ቀትር በኋላ የሚጾም ተማሪ ራቱን በደንብ ይብላ፤ የሚፈታበትም ምግብ አስቀድሞ ይዘጋጅለት። በረመዳን ለሱሑር የሚነሡትም ቢሆኑ በሶ፥ ቂንጬ፥ ንፍሮና እንቁላል ከጣፋጭ ነገር ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚያቆሟቸው ከእነርሱው ሰምተናል። በሁሉም ዘንድ ማታ የተዘጋጀ ነገር ሌሊት የምትነሣውን እናት ያሳርፋል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ማታ ይሠራ ብለናል፤ ማን ይሥራው? ይህ ዕቅድ ሁሉ የጠዋቱን ድካም ከእናቶቻችንና ከእኅቶቻችን ትከሻ አንሥቶ በማታ በዚያው ትከሻ ላይ የሚጭነው ከሆነ ምንም አላደረግንም። እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ልጆች፥ መጽሐፈ ምሳሌ በመጨረሻው ምዕራፉ ገና ሌሊት ሳለ ተነሥታ ለቤተ ሰዎችዋ ምግብ የምትሰጠውን ሴት እንደሚያመሰግን ተምረናል። ሆኖም ምስጋናውን በቃል እየደገምን፥ ሴቲቱ ብቻዋን ስትነሣ እኛ መተኛታችን ተገቢ አይደለም። ሽንብራ መዘፍዘፍ፥ እንቁላል መቀቀል፥ ቂንጬ ማጠብ የወንድ ልጅን ክብር አይቀንስም። እኛ ወንዶቹ መጀመሪያ ሰፈር ይስቅብናል ብለን ፈርተን ነበር። የሳቀም አልጠፋም። ነገር ግን ከሳቁት አንዳንዶቹ በሁለተኛው ወር ቂንጬ በስንት ውኃ እንደሚቀቀል ሊጠይቁን መጡ።

በጉራጌ ባህላችን አንትሮሽት የሚባል የእናቶች በዓል አለን። በዚያ ቀን እናት ትከበራለች፥ ትመሰገናለች፥ ትመረቃለች፤ መልካም ባህል ነው፤ ይቆይልን። ይሁን እንጂ እናት በዓመት አንድ ጊዜ ተከብራ በቀሩት ቀኖች ሳትበላ የምትውል ከሆነ በዓሉ ጎዶሎ ነው። እኛ አንትሮሽትን በየማታው 20 ደቂቃ ልናከብር ተስማምተናል። ወላጆቻችን ሆይ፥ እናንተም ወንዶች ልጆቻችሁ በማድ ቤት ሲገቡ ብታዩ አታስወጡብን፤ ሥራውንም ብናበላሽ ታግሣችሁ አሳዩን። መምህሮቻችን ሆይ፥ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሚያንቀላፋ ተማሪ ስታዩ ከመገሠጻችሁ በፊት «ቁርስ በልተሃልን? በልተሻልን?» ብላችሁ ጠይቁልን።

ያች ከሰልፍ መካከል የወደቀች እኅታችን ዛሬ በዚህ አዳራሽ ከእኛ ጋር ተቀምጣለች። ሁለቱ ታናናሽ ወንድሞቿ አሁን በየማታው ተራ አላቸው፤ ትንሹ እንቁላል ይቆጥራል፥ ትልቁ ይቀቅላል። እርሷ አሁን የምትነሣው 12 ሰዓት ላይ ነው። ከእነርሱ ጋርም ተቀምጣ ትበላለች።

ዛሬ ማታ ወደየቤታችሁ ስትመለሱ፥ ከመተኛታችሁ በፊት አንድ እፍኝ ሽንብራ ዘፍዝፉልን።